ሞተር መጋዙ እምቢ ያለ ዕለት

ሰሞኑን ከአጥራችን ጀርባ ያሉትን የጎረቤት ባሕር ዛፎች የሚቆርጥ ወጣት መጥቶ እንቅልፍ ነስቶኛል። ልጁ የሚቆርጠው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ግን በዚህ ዕድሜዬ ከምሳ በኋላ ጋደም ማለት ስለለመድኩ ለእኔ ቀኑም ሌሊት ነው። ሞተር መጋዙ ይነሳል፣ ጥቂት ይቆርጣል፣ ከዚያ ድምፁ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ጸጥ ይላል። ልጁ ይራገማል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ያስነሳዋል፤ እንደገና ይጠፋበታል። በመሃል በመሃሉ ካቻቢቴ ብረት ሲነካ ይሰማኛል። የካርቡሬተሩን ቪቴ እያዞረ ነው ማለት ነው።

"እዚህ ተጋድመህ ከምታቃስት ሂድና አንድ ነገር በለው እንጂ" አለችኝ ባለቤቴ ሩቂያ።

"ጡረታ ላይ ነኝ" አልኳት።

አልተነሳሁም። ስንፍና ብቻ አልነበረም። ያ እየቀጠነ የሚጠፋ ድምፅ ሌላ ቦታ ወስዶኝ ነበር፤ ጢሜ በቅጡ ሳይሞላ፣ ጭላሎ ተራራ ሥር ባለው በእናቴ መሬት ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ያንኑ ድምፅ እየሰማሁ ላቤ ጠብ ሲል የነበረበት ዕለት ላይ።

ዘመኑ ስልሳ ሦስት ወይም ስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ይመስለኛል። አጎቴ አብደላ አሰላ ውስጥ ጣውላ ይነግድ ነበር። በእርሻ ሥራ መጥተው ከነበሩት ፈረንጆች አንዱ አገሩ ሊገባ ሲል ዕቃውን ሸጦ ሄደ፤ አጎቴ ከሌላው ሁሉ መርጦ ሞተር መጋዙን ገዛ። ያኔ በእኛ በኩል እንጨት የሚሰነጠቀው ሁለት ሰው ግራና ቀኝ በሚስበው ረጅም መጋዝ ነው። የፈረንጁን መሣሪያ አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞት ዛፍ ሲጥል ማየት ለሕዝቡ ትርዒት ነበር። አጎቴ ግን ወገቡን ያመው ስለነበር ጥቂት ሞክሮ ተወው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር በሰላም ተለያይቼ ጋራዥ ውስጥ እውል ነበርና "ና፣ ይህን ጉድ አንተ ያዘው" ብሎ ሰጠኝ። እንዲህ ሆኖ ነው ቆራጭ የሆንኩት።

ስለ ካርቡሬተር ትንሽ ልናገር፤ ሳልናገር ካለፍኩ የዚያን ቀን መከራዬ ለአንባቢ አይገባም። ካርቡሬተር ቤንዚንና አየር ተለክተው የሚቀላቀሉበት፣ ከጭብጥ የማይበልጥ ብረት ነው። በጎኑ ትንንሽ ቪቴዎች አሉት። አንዷ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲያንጎራጉር የሚጠጣውን ቤንዚን ትመጥናለች። ሌላዋ በሙሉ ኃይሉ ሲጮህ የሚጠጣውን ትመጥናለች። መካኒኮች ሚኒሞ የሚሏት ደግሞ እጅህን ከነዳጅ መስጫው ስታነሳ ሞተሩ እንዳይጠፋ ትይዘዋለች። ቤንዚን ሲበዛበት ጉንፋን እንደያዘው ሰው ድምፁ ይታፈናል፣ ጭስ ይተፋል። ሲያንሰው ድምፁ ይቀጥናል፤ ለማያውቅ ሰው ጉልበት የጨመረ ይመስላል፣ ሞተሩ ግን ራሱን እየበላ ነው። ልኩ በሁለቱ መካከል ነው፣ የሚገኘውም በጆሮ ነው።

አገራችን ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነው። አሰላ ላይ ያስተካከልከው ሞተር ከበቆጂ በላይ ስታወጣው አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበትና ያፍነዋል። እዚያ ያስተካከልከውን ወደ ታች ስታወርደው ደግሞ ያንሰዋል። ስለዚህ ሽቅብ ስወጣ ቪቴዋን ጠበቅ፣ ቁልቁል ስወርድ ላላ ማድረግ ልማዴ ሆነ። ማንም አላስተማረኝም፤ በጭስና በስድብ ነው የተማርኩት። ውሎ አድሮ "ከድር ጆሮ አለው" ይሉኝ ጀመር። ይህ ወሬ ወደ እኔ ሲመለስ ደስ እያለኝ አልሰማሁም እል ነበር። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ሌላ የምኮራበት ነገር አልነበረኝም።

በቆጂ ስሄድ በጭነት መኪና ላይ ከገብስ ጆንያ ጋር ተጭኜ ነው። መንገዱ ጠጠር ነው፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ግራና ቀኝ የገብሱ ማሳ ነፋስ በነካው ቁጥር ይተኛል ይነሳል። ስንቄ ሁልጊዜ ጭኮ ነበር። ጭኮ የአርሲ ሰው የሚያውቀው ነው፤ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በተነጠረ ቅቤ ይታሻል፣ ብዙ ቀን ቢቆይም አይበላሽም፣ ትንሽ የበላ ሰው ቀኑን ሙሉ አይርበውም። እናቴ ቆሪ በሚባለው ከእንጨት በተቦረቦረ ዕቃ ሞልታ፣ በጨርቅ አስራ ትሰጠኛለች። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ሰፈሩ አዮ ሸምሲ ይላታል፤ አዮ በእኛ ኦሮምኛ እናት ማለት ነው። እናትነቷ ለእኔ አልበቃ ብሎ ለሰፈሩም ተርፎ ነበር።

ሩቂያን ያወቅኳት ገበያ ላይ ማር ስትሸጥ ነው። አባቷ ኦቦ አማን ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ፣ ንብ የሚያነቡ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሽማግሌ ነበሩ። ማር መግዛት አበዛሁ። እናቴ "ልጄ፣ ንብ ልትሆን ነው እንዴ?" እስክትለኝ ድረስ ቤታችን በማር ተሞላ። በኋላ ነገሩ ሲገባት ስቃ ሽማግሌ ላከችልኝ።

የኦቦ አማን መልስ አጭር ነበር። ከአርቦዬ አንድ ነጋዴም ልጅቷን እንደጠየቃቸው አልደበቁም፤ ሰውዬው ቆርቆሮ ቤት አለው። "እኔ ሀብት አላወዳድርም" አሉ። "ልጄ የምትገባበት ቤት ግን ይቁም። ክረምቱ ሳይገባ ደቦ ጥሩ፣ እኔም እመጣለሁ፣ ልጁንም በሥራው ላይ አየዋለሁ። የዚያን ዕለት መልሴን እሰጣለሁ።" ሽማግሌዎቹ ይህን ይዘው ሲመለሱ እናቴ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ደስ አለኝ። የሚያዩኝ በሥራዬ ከሆነ፣ ሩቂያ የእኔ ናት ብዬ ደመደምኩ።

ወጣትነት ካመጣብኝ ነገር ሁሉ የሚያስቀኝ ቀጥሎ ያደረግኩት ነው። ለደቦ የሚመጣ ሰው መጥረቢያውን ይዞ መምጣት ደንቡ ነው። እኔ ግን በየቤቱ እየዞርኩ "መጥረቢያ ይዞ የሚመጣ ሰው ሰድቦኛል ማለት ነው! እናንተ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ልጣጭ ላጡ፣ እንጨቱን ለእኔ ተዉት፤ በአንድ ጠዋት እጥለዋለሁ" እል ነበር። ለቤቱ የሚሆኑትን የእናቴን ባሕር ዛፎች ቀደም ብዬ መቁረጥ እችል ነበር፤ ግን ኦቦ አማን ሳያዩኝ ቆርጬ ምን ይሠራልኛል?

ከደቦው በፊት በቆጂ በኩል የጀመርኩት ሥራ ነበርና እሱን ጨርሼ የገባሁት በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ባዶውን ቆሪ ፈትታ አሸተተችው። ፊቷ ተለወጠ።

"ቤንዚን ነው የበላኸው?"

"ያው... ትንሽ ይሸት ነበር። መጋዙና ስንቁ ጎን ለጎን ስለተጫኑ ነው።"

"በየት በኩል ነው የሚፈሰው?"

"በታንኩ ክዳን። እምብርቱ ላይ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ አለችው፤ ሲጋደም በሷ ያንጠባጥባል" አልኳትና ልታጠብ ወጣሁ። ቀዳዳዋ ምን እንደምትሠራ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ለእኔ ሥራ ማለት ቪቴዎቹ ነበሩ።

በማግስቱ ማለዳ ሰዉ እየተጠራራ መጣ። ግንቦት ነው፤ ሌሊት የዘነበው ዝናብ መሬቱን አርሶታል፣ የተቆፈረው አፈር ይሸታል፣ ጭላሎ ጫፉን በጉም ሸፍኖ ከላይ ያየናል። መጥረቢያ የያዘ አንድም ሰው አልነበረም፤ ቃሌን አክብረውልኝ ነው። እናቴ ለሰው የሚቀርበውን ጭኮና እርጎ፣ መጋዙንም ጨምራ በአህያ አስጭና ከቤት አዲሱ ቤት ወደሚሠራበት ቦታ ይዛ መጣች። ነጭ ሻሽ አስራለች። ኦቦ አማንም በትራቸውን ይዘው ደረሱ፣ ሰላምታ ተሰጣጡና ዛፎቹ አጠገብ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጡ።

መጋዙ ገመዱን ገና አንዴ ስስበው ተነሳ። ሰው አጨበጨበ። የመጀመሪያውን ባሕር ዛፍ ጥዬ ሁለተኛው ላይ እንደገባሁ ድምፁ ቀጠነ፣ ከፍ አለ፣ ጠፋ።

አልደነገጥኩም። ምክንያቱን አውቃለሁ ብዬ ነበር። በቆጂ ላይ ቪቴዋን አጥብቄ ነበር፤ አሁን ታች ወርደናል፣ ቤንዚን አነሰው። እንዲያውም ይህን ለሰዉ በትዕቢት አስረዳሁ። ካቻቢቴዬን አውጥቼ ላላ አደረግኳት፣ ክዳኑን ከፍቼ ቤንዚን መኖሩን አየሁ፣ ዘግቼ አስነሳሁት። ሠራ! "አላልኳችሁም?" ብዬ ዞር ስል እንደገና ቀጠነና ጠፋ።

እንደገና አላላሁ፣ እንደገና ክዳኑን ከፍቼ አየሁ፣ እንደገና ሠራ፣ እንደገና ጠፋ። ቪቴዋን ባዞርኩ ቁጥር ስለሚነሳ መፍትሔው እዚያ ያለ ይመስለኛል፤ ጥቂት ሳይቆይ ሲከዳኝ ደግሞ ያልበቃው ይመስለኝና እጨምራለሁ። በመጨረሻ አበዛሁትና ከነጭራሹ በጭስ ታፈነ። ካንዴላውን ፈታሁ፤ ረጥቧል። ጠርጌ መለስኩት። ማጣሪያውን አራገፍኩ። የቤንዚን ቱቦውን በአፌ ሳብኩ፤ ከንፈሬ ተቃጠለ።

ሰዉ መጀመሪያ ቆሞ ነበር፣ ከዚያ ተቀመጠ። ጉድጓዶቹ ተቆፍረው አልቀው አፋቸውን ከፍተው እንጨት ይጠብቃሉ። ጉደታ የሚባል ቀልደኛ ጎረቤታችን "ከድር፣ እንዲህ ከሆነማ ምስጥ ብንጠራ ይሻለናል፤ ቀስ ቢልም አይጠፋም" አለና ሰዉን አሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ እኔ ግን አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ወደ ኦቦ አማን ሰረቅ አድርጌ አየሁ። በትራቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው እጆቼን ያያሉ። የአርቦዬው ቆርቆሮ ቤት ዓይኔ ላይ ድቅን አለ።

ዙሁር ተሰገደ፣ ሰው በላ። እኔ አልበላሁም። እናቴ በየመሃሉ ቆሪውን ይዛ እየዞረች ታጎርሳለች፤ ኦቦ አማን ዘንድ ስትደርስ ድምፅዋ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ።

"ይቅመሱልኝ ኦቦ አማን። የቀደመው ቤንዚን ቤንዚን ብሎ አሳፍሮኝ ነበር፤ የዛሬው ግን ምንም አይሸትም። ዘዴ አግኝቼለታለሁ።"

ያን ጊዜ ልብ አላልኩም። መጋዙን እንደገና አስነስቼ ነበር፤ ቀጠነና ጠፋ። በንዴት ወዲያው ክዳኑን አዞርኩ። ላላ ሲል "ፊስስ" ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ሰማሁ። እጄ ቆመ። ጆሮ አለው የተባልኩት ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይህን ድምፅ አልሰማሁም፤ ጆሮዬን ሁሉ ለካርቡሬተሩ ሰጥቼው ነበር። ክዳኑን ገልብጬ አየሁት። ያቺ የመርፌ ቀዳዳ በማር ሰፈፍ ተደፍናለች።

የእናቴ ሥራ ነው። የእርጎ ቅል ሲሰነጠቅ በሰፈፍ ነው የምትደፍነው፤ ሰፈፉን አሙቃ በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገዋለች። እዚህም እንደዚያው አድርጋዋለች፣ የጣቷ መስመር ሳይቀር ቢጫው ሰፈፍ ላይ ታትሟል። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ቤንዚኑ ሲወርድ በቦታው አየር የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ነው። አየር ካልገባ ታንኩ ቤንዚኑን ጨብጦ ይይዛል፣ ሞተሩ ይጠማል። ክዳኑን ስከፍት አየር ይገባል፣ ለጥቂት ጊዜ ይሠራል። ቪቴዎቹ ምንም አላደረጉም፤ ከጠዋት ጀምሮ የማሰቃየው ጤነኛውን ነበር።

ቀና ስል እናቴን አየኋት። ያንን ቆሪ በሁለት እጇ ይዛ፣ በዚያ ነጭ ሻሽ፣ ለወደፊት ምራቷ አባት ጭኮዋን ታሞግሳለች። ሰዉ ፊቴ ላይ አንድ ነገር እንደተለወጠ አይቶ ከተቀመጠበት ቀና አለ።

"አገኘኸው?" አለ ጉደታ።

በዚያች ቅጽበት ብዙ ነገር አሰብኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን አልነበረኝም። እውነቱን ብናገር እኔ ነፃ እወጣለሁ፤ ጆሮዬም እጄም ምንም እንዳልጎደላቸው ኦቦ አማን ያውቃሉ። እናቴ ግን የልጇን ቀን ያበላሸችው በገዛ እጇ መሆኑን፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ቆሪዋን እንደያዘች ትሰማለች። ሞታም ቢሆን አትረሳውም። ልቤ ለእሷ ተሰበረ።

"አዎ፣ አገኘሁት" አልኩ ጮክ ብዬ። "ቪቴውን ያለ ልክ አዙሬው ኖሯል። የኔ ጥፋት ነው።"

ሳቁ ፈነዳ። "ጆሮ አለው ያላችሁት ሰው ይኸው!" አለ ጉደታ። "ጆሮማ አለው፣ ሁለት!" አለ ሌላው። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። "ልጄ ደክሞት ነው፣ ትናንት ነው ከበቆጂ የገባው፣ አትሳቁበት" እያለች ተሟገተችልኝ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ሰፈፉን በእሾህ ጫርኩና አወጣሁ።

ከዚያ ያበላሸሁትን ቪቴ ማስተካከል ነበረብኝ። ሁለቱንም ቪቴዎች እስኪነኩ ድረስ በዝግታ አጠበቅኋቸው፣ ከዚያ አንዳንድ ዙር መልሼ ከፈትኩ። አስነሳሁት። መጀመሪያ የቀስታዋን፤ ነዳጅ ስሰጠው ሳይንገዳገድ እስኪነሳ። ከዚያ የትልቋን፤ በሙሉ ሲጮህ ድምፁ ሊቀጥን ሲል ላላ፣ ሊታፈን ሲል ጠበቅ። በመጨረሻ ሚኒሞውን፤ ሰንሰለቱ ሳይዞር ሞተሩ ለብቻው እስኪያንጎራጉር። ድምፁ ልኩ ላይ ሲቆም ወደ ዛፎቹ ተመለስኩ። ባሕር ዛፎቹ ተራ በተራ ወደቁ፤ የቅጠላቸው ሽታ ሜዳውን ሞላው።

ጊዜው ግን ሄዷል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የቆመው መሃል ምሰሶው ጥቂት ቋሚዎችን አስከትሎ ነው። ወራጅ የለ፣ ማገር የለ፣ ሳር የለ። ሰዉ "የቀረውን ሌላ ቀን፣ ኢንሻአላህ" እያለ እየተሰናበተ ሄደ። እናቴ አህያዋን ነድታ ወደ ቤት ወረደች። እኔ ምሰሶው ሥር ቆሜ ቀረሁ። የተጠየቅኩት ቤት እንዲቆም ነበር፤ የቆመው ግን እንጨት ነው።

"መንገዱ ድረስ ሸኘኝ" አሉኝ ኦቦ አማን።

በአጥሩ ጥግ ጎን ለጎን ሄድን። ጭቃ ነው፤ በትራቸውን እያስቀደሙ ይራመዳሉ። ወንዙ ጋ ልንደርስ ስንል ተናገሩ። በኦሮምኛ ነው ያሉኝ፤ አማርኛ ላይ ሳመጣው ትንሽ ይበርድብኛል።

"ቪቴው ነው አልክ።"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"እኔ የንብ ሰው ነኝ" አሉ። "ጥፍርህ ውስጥ ያለውን አውቀዋለሁ። እናትህ ትናንት አመሻሽ ላይ ሰው ልካ ሰፈፍ አስጠይቃኝ ነበር፤ ለቅል መስሎኝ ሰጠሁ።"

መሬት ብትከፈት በገባሁ። እየተንተባተብኩ "እባክዎ፣ እሷ እንዳታውቅ" አልኳቸው። ስለ ራሴ መለመን እንዳለብኝ እንኳ አልታወሰኝም።

ቆሙ። ወደ እኔ ዞሩ። ፈገግ ሲሉ ያየሁት የዚያን ዕለት ነው።

"ኢልመ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። "ሩቂያም ሰው ናት፣ አንድ ቀን ትሳሳታለች። ያን ቀን በሰው ፊት ስለሷ ምን እንደምትል ማወቅ ነበር የፈለግኩት። ዛሬ ሰማሁት። ግድግዳውን ቀስ ብለህ ትጨርሰዋለህ።"

ትከሻዬን በበትራቸው ጫፍ ነካ አደረጉና ወንዙን ተሻግረው ሄዱ። እኔ አለቀስኩ። ያኔ ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ነውር ነበር፤ ደግነቱ ከእኔና ከአንድ ላም በቀር ማንም አላየም።

ቤቱ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ተከደነ፣ ሩቂያም ገባች። እናቴ ግን ዘዴዋን አልተወችም። ወደ ሥራ ስወጣ መጋዙንና ስንቄን አዘጋጅታ ስትሰጠኝ ክዳኑ ሁልጊዜ ተደፍኖ ነው። "ጭኮው ደህና ነበር?" ትለኛለች ስመለስ። "ምንም አልሸተተም፣ አዮ" እላታለሁ። እኔ ደግሞ ቤታችን ከዓይን ሲሰወር ቆም ብዬ ሰፈፉን ጭሬ አወጣና መጋዙን ከስንቄ አርቄ ለብቻው እይዘዋለሁ። አብዮቱ መጥቶ የዛፍ ሥራው እስኪቀዘቅዝ ድረስ እንዲሁ ኖርን፤ እሷ ስትደፍን፣ እኔ ስከፍት። ይህን ያህል ጊዜ አንድን ሰው ማታለል ኃጢአት ከሆነ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፤ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ደስ ብሎኝ የሠራሁት እሱን ነው።

ዛሬ እናቴም ኦቦ አማንም የሉም። ነገሩን ለማንም ሳልናገር የኖርኩት ቃል ስለሰጠሁ አልነበረም፤ ቃል ያስገባኝ የለም። እናቴ በሕይወት ሳለች ለእሷ ስል ዝም አልኩ፣ ከሞተች በኋላ ደግሞ ዝምታው ልማድ ሆነብኝ። ሰው ስለ ካርቡሬተር ሲጠይቀኝ ብዙ አወራለሁ፤ በጆሮ ስለሚለካው ነገር ሁሉ አስተምራለሁ። ኦቦ አማን የለኩኝ በምን እንደሆነ ግን ለአንድም ሰው አላስተማርኩም። ሳስበው ይህ ስስት ነው።

ከአጥሩ ጀርባ መጋዙ ደግሞ ጠፋ። ሩቂያ ሻይ ይዛ መጣችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ሰፈፉን፣ የጉደታን ምስጥ፣ አባቷ መንገድ ላይ ያሉኝን። ስጨርስ ሻዩ ቀዝቅዟል። እጄን ያዘች።

"እኔ እኮ" አለች፣ "ያን ቀን አባቴ ማታ ገብቶ 'ለከድር ሰጥቼሻለሁ' ሲል፣ ቤቱ ቆሞ አይቶ ነው ብዬ ነበር እስከ ዛሬ የማስበው።"

"ቤቱማ ያን ቀን አልቆመም" አልኳት።